ነጭ አይጥ ለዘንዶና ለአርጃኖ ቀለብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ላይ ሰው ሁሉ አይጥ ለማጥፋት ገንዘብ ያወጣል። እኔ ለማርባት አወጣለሁ። ሥራውን የለመድኩት የቤተ ሙከራ እንስሳት ክፍል ውስጥ ተቀጥሬ በሠራሁባቸው ዓመታት ነው። አሁን ግቢያችን ጥግ ባለችው ሰርቪስ ቤት ጥቂት ነጭ አይጦች አሉኝ። ቀለብነታቸው አንድ ጓደኛዬ በፈቃድ ለሚንከባከባቸው ዘንዶና አርጃኖ ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የእህቴ ልጅም ዘንዶ አለው። ሲደውል ከሰላምታ ቀጥሎ የሚያነሳው የአይጥ ጉዳይ ነው። ጥያቄው ከእሱም ከሌላውም ስለሚመሳሰል እዚህ ሰብሰብ አድርጌዋለሁ።

ዘንዶ እቤት ማሳደግ መጀመሪያ ነገር ይፈቀዳል?

ሰው ይህን መጨረሻ ላይ ነው የሚጠይቀው። ኢትዮጵያ ውስጥ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝም መሸጥም ክልክል ነው። ሕጉ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ይባላል። ፈቃዱን የምትጠይቁት የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ዘንድ ነው። አገራችን በ1981 ዓ.ም. የገባችበት ሳይተስ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነትም ዘንዶን ከአገር አገር ማዘዋወርን ይቆጣጠራል። ስለዚህ «ከቆላ አንድ ዘንዶ ላምጣልህ» የሚል ሰው ቢመጣ ቡና አጠጥታችሁ ሸኙት።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ የከተማችሁን ሕግና የቤት ኪራይ ውላችሁን እዩ። የእህቴ ልጅ ውሉን ያነበበው ዘንዶውን ከገዛ በኋላ ነው። ቤት ለቀቀ።

ጓዳዬ አይጥ ሞልቶታል። እሱን በወጥመድ ይዤ ብሰጠውስ?

አይሆንም። ጎረቤታችሁ ትናንት መርዝ አስቀምጦ ይሆናል። ብዙ ዓይነት የአይጥ መርዝ የሚገድለው ደም እንዳይረጋ በማድረግ ነው። አይጧ እስክትሞት ቀናት ይፈጅባታል። በእነዚያ ቀናት ወዲያ ወዲህ ስትል ብታዩዋት ደህና ትመስላችኋለች። ዘንዶው እሷን ሲውጥ መርዙንም ዋጠ ማለት ነው። ቁንጫው፣ የሆድ ትሉና በሽንቷ የሚተላለፈው በሽታ ሲጨመርበት ነገሩ አያዋጣም። ለእናንተም ለእጃችሁ አደገኛ ነው፤ የዱር አይጥ ንክሻ ቀልድ የለውም።

«ከስሜን ተራሮች ወዲያ ከማሳው ይያዝ» ያለኝም አለ። የደጋው አይጥ የቀይ ቀበሮ ቀለብ ነው። ለእሷ ተዉላት።

ትንሿ ነጭ አይጥ ትሻላለች ወይስ ትልቋ?

አማርኛችን ሁለቱንም አይጥ ስለሚል ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል። ትንሿ አድጋ ከ20 እስከ 40 ግራም ትመዝናለች። ትልቋ ከአይጠ መጎጥ ወገን ናት። ሴቷ ከ250 እስከ 300 ግራም፣ ወንዱ እስከ 500 ግራም ይደርሳል። በሰው እጅ መርባት ከጀመረች ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆናት የዋህ ናት።

እኔ ትልቋን ነው የምመርጠው። የትንሿ ወንድ ሽንት ሽታው ቤት ያስለቅቃል። ትልቋ ደግሞ እጅ ትለምዳለች፣ ልጆቿም በየዕድሜያቸው ለየመጠኑ ዘንዶ ይሆናሉ። ትልቅ ዘንዶ በትንሽ አይጥ ላጥግብ ብትሉ በአንድ ጊዜ አሥር ቆጥራችሁ መስጠታችሁ ነው።

የዘር አይጥ ስትፈልጉ ግን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ሙከራ ተደርጎባት ያውቃል ወይ? መድኃኒት የተሞከረባት አይጥ ለዘርም ለቀለብም አትሆንም።

ስንት አይጥ ብይዝ ይበቃኛል?

እዚህ ላይ ቁጭ ብለን እንነጋገር። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

እኔ ራሴ ስጀምር ሁለት ወንድና ስድስት ሴት አንድ ላይ አስገባሁ። «ባይወልዱስ?» ብዬ ነበር የሰጋሁት። በወሩ ስድስቱም ወለዱ። አንዷ 13 ወለደች። ወንዶቹን ስላላወጣሁ፣ በወለዱ በማግስቱ እንደገና አርግዘው ኖሮ ገና ልጆቹ ጡት ሳይጥሉ ሁለተኛው ዙር መጣ። ሁለት ወር ሳይሞላ ከመቶ በላይ አይጥ ነበረኝ። ጓደኛዬ ያለው አንድ ዘንዶና አንድ አርጃኖ ነው! አንድ ያደገ አይጥ በቀን ከ15 እስከ 20 ግራም ይበላል። መቶው ሲያድግ በቀን ወደ 2 ኪሎ እህል ማለት ነው። የቤቱን ስንዴ ፈጅቼ እናቴ ጋር ስንጣላ ነው ወረቀትና እስክሪብቶ ያነሳሁት።

ሂሳቡን ከዘንዶው ጀምሩ። ያደገ ዘንዶ ልኩን የጠበቀ አይጥ በሁለት ሳምንት አንድ ቢበላ በዓመት 26 ነው። የጓደኛዬ አርጃኖ ዋና ምግቡ ዓሣ፣ እንቁላልና ነፍሳት ነው፤ አይጥ ሲበዛበት ይወፍራል። በሳምንት አንድ ገና ያላደገ አይጥ ስንሰጠው 52 ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 78።

አሁን ወደ አይጧ ኑ። እርግዝናዋ ከ21 እስከ 23 ቀን ነው። በአንድ ወሊድ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ትወልዳለች። ልጆቹን አጥብታ ጡት ስታስጥል ሌላ ሦስት፣ አራት ሳምንት። ከዚያ ሦስት፣ አራት ሳምንት ካሳረፋችኋት በዓመት አምስት ጊዜ ያህል ትወልዳለች። የሚሞተው ተቀንሶ ከአንዲት ሴት 40 ያህል ጠብቁ። ስለዚህ ለ78 ሁለት ሴትና አንድ ወንድ በቂ ነው። ለመጠባበቂያ አንዲት ወጣት ሴት ብትጨምሩ ሴቶቹ ሦስት ሆኑ። አለቀ። አንድ ዘንዶ ብቻ ላለው ሰው ሁለት ሴት ራሱ ይበዛል። ሴት አይጥ ለብቻዋ መኖር ስለማትወድ ግን ሁለተኛዋን ለጓደኝነት ያዙላት።

ወንዱ ከእነሱ ጋር የሚኖረው ለስሪያ ብቻ ነው። ሥራውን ሲጨርስ ይወጣል። ይህችን አንድ ሕግ ያከበረ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢያጠፋ እንኳ ይተርፋል።

ወንድና ሴቱን እንዴት ልለይ?

ጭራውን በቀስታ አነሳ አድርጋችሁ በሽንት መውጫውና በፊንጢጣው መካከል ያለውን ርቀት እዩ። የወንዱ ከሴቷ እጥፍ ያህል ይሰፋል። አንድ ልጅ ብቻ ይዛችሁ ከማየት ሁለት ጎን ለጎን አድርጋችሁ ብታስተያዩ ይቀላል። ከ8 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ጠጉሩ ሳይበዛ የሴቶቹ የጡት ጫፍ ነጠብ ነጠብ ብሎ ይታያል። በአምስተኛው ሳምንት ከሆነ የወንዱ ቆለጥ ዕውር አይስተውም።

በዚያው በአምስተኛው ሳምንት ወንድና ሴቱ ተለይተው ማለቅ አለባቸው። አይጥ እህትና እናት አይልም።

መቼ ላገናኛቸው? ድራ ላይ መሆኗንስ በምን አውቃለሁ?

ሴቷ 3 ወር ሲሞላትና 250 ግራም ሲጠጋት ጥሩ ነው። ከዚያ በፊት ልትወልድ ትችላለች፣ ግን እሷም ገና እያደገች ነው። የመጀመሪያዋን ወሊድ ከ6 ወር በላይ አታዘግዩባት። ዓመት ከሞላት በኋላ የልጆቿ ቁጥር ስለሚቀንስ አሳርፏት።

ድራዋ፣ ማለትም ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ፣ በየ4 እና 5 ቀኑ ይመጣል። የሚቆየው ግማሽ ቀን ያህል ነው፤ ያውም በአብዛኛው ሌሊት። ምልክቱን አንዴ ካያችሁት አትረሱትም። ማታ ወደ 2 ሰዓት ገደማ ጀርባዋን ከወገቧ ላይ በጣት ዳበስ አድርጓት። ድራ ላይ ከሆነች ጀርባዋን ወደ ታች ሰርጎድ ታደርግና ጆሮዎቿ መርገፍገፍ ይጀምራሉ። እንደ ንብ ክንፍ ነው የሚንቀጠቀጡት። መጀመሪያ ሳየው ታመመችብኝ ብዬ ደንግጬ ነበር።

ይህን ሁሉ መከታተል የማይመቸው ሰው ወንዱን ለ10 ቀን ያስገባና ያውጣ። ሁለት ዙር ድራ ስለሚያገኝ አያመልጠውም። የገባበትን ቀን ግድግዳ ላይ ጻፉ። ጭንቅላቴ ይይዘዋል ያለ ሰው ሌሊት በጩኸት ይነቃል።

ወለደች። ምን ላድርግ?

ምንም። የመጀመሪያውን ሁለት ቀን ውኃና ምግቧን ብቻ አሟሉላት። እሷ እንዲያውም እንደ አራስ ነው የምትታየው፤ ጫጫታ አይወድላትም።

በሦስተኛው ቀን እናትየው ለምግብ ስትወጣ ልጆቹን እዩ። ክብደታቸው ሲወለዱ 5 ወይም 6 ግራም ነው። ቀይና ዓይናቸው የተከደነ ናቸው። ቆዳቸው ስስ ስለሆነ የጠጡት ወተት ሆዳቸው ላይ እንደ ነጭ ጥፍጥፍ ወለል ብሎ ይታያል። ያ ነጭ ካለ ልጁ ጠግቧል። ነጩ የጠፋበትና ቀዝቅዞ ጥግ የተጣለ ካለ አይተርፍም።

በሳምንት ጠጉር ያበቅላሉ። ሁለት ሳምንት ሲሞላቸው ዓይናቸው ይገለጣል። በ16ኛው ቀን አካባቢ የእናታቸውን ምግብ መሞከር ይጀምራሉ። በ21ኛው ቀን ከ40 እስከ 50 ግራም ሆነው ጡት መጣል ይችላሉ። ደከም ያሉ ካሉ አንድ ሳምንት ጨምሩላቸው።

ልጆቿን በላች!

የዚህ ጥያቄ ድምፅ ሁልጊዜ የድንጋጤ ነው። እውነት ለመናገር አንድ ሁለት የሞቱ ልጆችን መብላቷ ያለ ነው፤ ጎጆዋን ማጽዳቷ ነው። ሁሉንም ከጨረሰች ግን ጥፋቱን ከራሳችሁ ፈልጉ። ውኃ አልቆባት ነበር? የጎንደር ውኃ በፈረቃ መሆኑን አይጥ አታውቅም፤ ስለዚህ አንድ ጀሪካን ለእነሱ ብቻ ይቀመጥ። የምታጠባ አይጥ የምትጠጣው ብዙ ነው። ምግቧ ጎደሎ ነበር? ድመት ኬጁ ላይ ተቀምጣ አድራለች? ልጆቻችሁ ጎጆዋን ሲከፋፍቱ ውለዋል? በእኛ ቤት የደረሰው ጎረቤት ድንኳን ተጥሎ ሌሊቱን ሙሉ ከበሮ ሲመታ ነው። በማግስቱ ከ11 ልጆች 2 ብቻ አገኘሁ።

ሁሉ ነገር ተሟልቶላት ሁለት ጊዜ ከደገመችው እሷን ለዘር አታቆዩ።

ምን ላብላቸው?

አይጥ የተገኘውን ሁሉ ይበላል የሚለው ነገር ነው ሰውን የሚያሳስተው። በትራፊ ይኖራል፤ አይወልድም እንጂ። ወልዶም አያሳድግም። የምታረግዝና የምታጠባ አይጥ ከምግቧ ከ18 እስከ 20 በመቶው ፕሮቲን መሆን አለበት።

ቀላሉ መንገድ የጫጩት መኖ ነው። ፕሮቲኑ ወደዚያ ይጠጋል፣ ቪታሚኑም ገብቶበታል። መድኃኒት የተቀላቀለበት አለመሆኑን ጠይቃችሁ ግዙ። የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ግን አይሁን፤ ካልሲየሙ ለአይጥ እጅግ ይበዛል።

እኔ ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ የምቀምመው አለኝ። ለ10 ኪሎ፦ 4 ኪሎ ስንዴና በቆሎ፣ 2 ኪሎ ፉርሽካ፣ 2 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ 1 ኪሎ ተኩል ተቆልቶ የተከካ ሽንብራ፣ ግማሽ ኪሎ ጨው ያልነካው የደረቀ ዓሣ ዱቄት። ዓሣው ከጎርጎራ በኩል ይመጣልኛል፤ ጣና ከደጃችን እያለ ለምን ሌላ እፈልጋለሁ? ዓሣ ሲጠፋ የተቀቀለ እንቁላል ከነቅርፊቱ ደቁሼ እሰጣለሁ። ይህ ቅልቅል ቪታሚን ስለሚጎድለው ከጫጩት መኖ ጋር እኩል በእኩል አድርጌ ነው የምሰጠው። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ጎመን ወይም ካሮት ጣል አደርጋለሁ።

የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜ ልኩን ያድጋል። የሚፍቀው ነገር ካላገኘ መብላት እስኪያቅተው ይረዝማል። ለዚህ ዱቄቱን በውኃ አቡክቼ ምጣድ ላይ ድርቅ ያለ ቂጣ እጋግርላቸዋለሁ። ሌሊት ሲቀረጥፉት ድምፁ እስከ ሳሎን ይሰማል። ወጥ ያልነካው ድርቆሽ እንጀራም ይወዳሉ።

የማይሰጥ፦ የጠላ አተላ፣ በርበሬና ጨው ያለበት ትራፊ፣ ጥሬ አኩሪ አተርና ጥሬ ቦሎቄ። ከሁሉ በላይ የሻገተ እህል። በክረምት ሻግቶ «ለሰው አይሆንም» የተባለ በቆሎና ለውዝ ለአይጥ ይሰጥ ይባላል። በሻጋታው ውስጥ ያለው አፍላቶክሲን የአይጥን ጉበት ነው የሚጨርሰው። አይጥ ደግሞ ማስታወክ አትችልም። የዋጠችው መርዝ እዚያው ይቀራል።

ኬጁን ከምን ልሥራው? ጉዝጓዙስ?

ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ከሽቦ ክዳን ጋር ይበቃል። የሽቦው ቀዳዳ ከ1 ሳንቲሜትር አይብለጥ፤ ጡት የጣለ ልጅ ጭንቅላቱ ካለፈ ሌላው ሰውነቱ ይከተላል። የሳፋው ውስጥ ለስላሳ ይሁን፤ ጠርዝ ካገኙ ከዚያ ይጀምሩና በሌሊት ቀደው ይወጣሉ። ወለሉ ሽቦ አይሁን፣ እግራቸው ይቆስላል። ለመውለጃ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን አጥቤ አፉን ሰፋ አድርጌ እቆርጥና አጋድሜ አስገባለሁ። ለውኃ ሃይላንድ ጠርሙስ ላይ የዶሮ ኒፕል (ሲነኩት ውኃ የሚያንጠባጥብ ጡት) ገጥሙ። ሳህን አታስቀምጡ፣ በአንድ ደቂቃ ጉዝጓዝ ይሞሉታል።

ጉዝጓዝ ላይ የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። አናጺ ቤት ሰጋቱራ በነፃ አገኘሁና ሁለት ማዳበሪያ ተሸክሜ መጣሁ። የጽድ ነበር። ሽታው ደስ ይላል፣ ቤቱ ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን አለ። በሳምንቱ አይጦቹ ሁሉ ማስነጠስ ጀመሩ። ጽድና ባሕር ዛፍን የመሰለ ሽታ ያለው እንጨት ለሳንባቸው ጠላት ነው። ብናኝ የሆነ ሰጋቱራም እንደዚያው። አሁን የምጠቀመው የተቀዳደደ ወረቀትና ካርቶን ነው። የትምህርት ቤት አሮጌ ደብተር በደንብ ያገለግላል። የጤፍ ጭድ ካገኛችሁ አቧራውን በደንብ አራግፋችሁ ስጧቸው።

የጎንደር ብርድስ?

ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ይስማማቸዋል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች ቀኑ ጥሩ ነው፤ የሚያስቸግረው የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ነው። ጎጆ መሥሪያ ወረቀት በብዛት ከሰጣችኋቸው ራሳቸው ያሞቁታል። ማሞቂያ አያስፈልግም፤ ከሰል እንዳታስገቡ። በበጋ አየሩ በጣም ሲደርቅ የልጆቹ ጭራ ላይ ቀለበት የመሰለ መሰንጠቅ ይታያል። እርጥብ ጨርቅ ክፍሉ ውስጥ ስቀሉ።

ለእነሱ ከብርድ ይልቅ ሙቀት ይከፋል። በመጋቢትና በሚያዝያ ቆርቆሮው ስር ያለው ክፍል 30 ዲግሪ ካለፈ ወንዱ ማስረገዝ ያቆማል። ሴቷን አትውቀሱ።

ሽታውንና ጎረቤትን እንዴት ቻልከው?

ሽታ ያለው አይጡ ላይ ሳይሆን ሽንቱ ላይ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ጉዝጓዝ ቀይሩ። አራስ ካለች ጎጆውን ሳትነኩ ዙሪያውን ብቻ። ኬጁን ከፍታችሁ አፍንጫችሁን ካቃጠላችሁ፣ ቀኑን ሙሉ እዚያ ለሚውለው አይጥ ሳንባ ምን እንደሆነ አስቡት። አሮጌው ጉዝጓዝ ለጎመን መደብ ብስባሽ ይሆናል።

ጎረቤትን በተመለከተ፣ አጠገባችን ያሉት እትዬ መጀመሪያ ሲሰሙ ጸበል ይዘው መጡ። አልተቆጣሁም፣ በሩን ከፍቼ አሳየኋቸው። «ይቺ ናት እንዴ? ነጭ በነጭ፣ እንደ ዲያቆን!» አሉ። አሁን ድመታቸውን አሥረው ያሳድሩልኛል። ደብቃችሁ አትጀምሩ። ከደበቃችሁ በኋላ ሰፈር ውስጥ የጠፋ ሽሮ ሁሉ በእናንተ አይጥ ይሳበባል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ተገልብጦ ይመጣባችኋል።

ከዓይኗና ከአፍንጫዋ ደም ይፈሳል። ሞተች?

ደም አይደለም። አይጥ ከዓይኗ ጀርባ ካለ ዕጢ ቀይ ፈሳሽ ታወጣለች። ሲደርቅ ደም ይመስላል። በደህናው ጊዜ በእጇ ጠርጋ ስለምታጸዳው አታዩትም። ከታየ ግን ተጨንቃለች ወይም ታማለች ማለት ነው። ጆሯችሁን ወደ ጎኗ ጠጋ አድርጉ። እንደ ፉጨት ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ከሰማችሁ ሳንባዋ ነው። ለይታችሁ አስቀምጧት፣ ጉዝጓዙን ቀይሩ፣ የእንስሳት ሐኪም አማክሩ። የታመመች አይጥ ለዘንዶ አትሰጥም።

በሕይወት እንዳለች ብሰጠውስ? ተፈጥሮው አይደል?

በዱር አዎ። በሳጥን ውስጥ ግን አይጧ የምትሸሽበት የላትም፤ ስለዚህ ትናከሳለች። የጓደኛዬ ዘንዶ ከዓይኑ በላይ ያለው ጠባሳ እኔ ሳልመጣ በፊት የተሰጠው አይጥ ትዝታ ነው። ዘንዶው ያልራበው ዕለት ደግሞ አይጧ እሱን ልትበላው ትችላለች። ዘንዶ ከእኛ የሁዳዴ ጾም በላይ ሊጾም የሚችል ፍጡር ነው። ለወራት ሳይበላ ቢቆይ አይደንቅም።

ሳትሰቃይ እንዴት ትሞታለች?

ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። የማይደረገውን ላስቀድም፦ በሕይወት ፍሪዘር ውስጥ መክተት ጭካኔ ነው፣ ውኃ ውስጥ መድፈቅም እንደዚያው።

ተቀባይነት ያለው አንዱ መንገድ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ነው። ሲሊንደሩ ድራፍት ቤት የምታዩት ዓይነት ነው። አይጧ በለመደችው ሳጥን ውስጥ እንዳለች ጋዙ ቀስ ብሎ ይገባል፤ በደቂቃ ከሳጥኑ ይዘት ከ30 እስከ 70 በመቶው። በአንዴ ከለቀቃችሁት ያሰቃያታል። ትንፋሿ ከቆመ በኋላም በርካታ ደቂቃ ጠብቁ፣ መሞቷን አረጋግጡ። ኮምጣጤና ሶዳ ቀላቅሎ የሚወጣውን ጋዝ አትጠቀሙ፣ መጠኑን መቆጣጠር አይቻልም። ክፍሉ አየር የሚገባው ይሁን፣ ጋዙ ሰውንም ይጥላል።

10 ቀን ያልሞላቸው ልጆች በዚህ ጋዝ ቶሎ አይሞቱም፤ ያለ አየር ረጅም ጊዜ ይቆያሉ። ለእነሱና በእጅ ለሚደረገው መንገድ አስተማሪ ያስፈልጋል። ጽሑፍ አንብቦ የሚሞከር አይደለም። እዚህ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ሄዳችሁ ጠይቁ። እኔ ስማር እጄ ተንቀጥቅጧል። አሁንም በዚያ ቀን ምሳ ብዙም አልበላም።

ፍሪዘር ውስጥ ስንት ጊዜ ይቆያል? መብራት ሲጠፋስ?

በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች እስከ ስድስት ወር ድረስ አስቀምጡ። አየሩን አስወጥታችሁ በፌስታል ጠቅልሉ፣ ቀንና ክብደት ጻፉበት። መጠን ስትመርጡ የአይጧ ወገብ ከዘንዶው ሰውነት ወፍራሙ ቦታ ጋር ይመጣጠን። ማታ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ አውርዱ። በማግስቱ በፌስታል እንዳለች ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ንከሩና 38 ዲግሪ አካባቢ ስትደርስ አድርቃችሁ በረጅም መቆንጠጫ አቅርቡ። ማይክሮዌቭ ውስጥ አትክተቱ፤ አንዱ ቦታ ቀዝቃዛ ሌላው የበሰለ ይሆናል፣ ሲከፋም ይፈነዳል። አንዴ የቀለጠ ዳግም አይቀዘቅዝም።

መብራት ሲሄድ ፍሪዘሩን አትክፈቱ። የሞላ ፍሪዘር ተዘግቶ እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሹ ባዶ የሆነ 24 ሰዓት ይይዛል። ባዶውን ቦታ ውኃ በሞላ ሃይላንድ ሙሉት።

ፍሪዘሩ ደግሞ ለብቻው ይሁን። እናቴ የገና ዶሮ ልታወጣ ገብታ ያገኘችውን ዕለት አልረሳውም።

ለቤተሰቤ ጤና አያሰጋም?

እጅ በሳሙና ከታጠበ፣ ጉዝጓዝ ሲቀየር ማስክ ከተደረገ ብዙ አያሰጋም። አይጧ ነክሳችሁ ወይም ቧጥጣችሁ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ትኩሳት፣ ሽፍታ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ከመጣ ጤና ጣቢያ ሂዱና «አይጥ አረባለሁ» በሉ። ሐኪሙን ካልነገራችሁት ወባ ወይም ታይፎይድ ነው ብሎ ያክማችኋል። ነፍሰ ጡር፣ ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅና ሕመምተኛ ከክፍሉ ይራቁ። አንዳንድ ሰው ሽንታቸው አለርጂ ያስነሳበታል፤ የሚያስነጥሰው እናንተን ከሆነ በጊዜ ተዉት። ዘንዶና አርጃኖን ከነካችሁ በኋላም ታጠቡ፣ ሳልሞኔላ የሚባለው የሆድ በሽታ ከእነሱም ይመጣል።

ልጆቼ ስም አወጡላቸው። ምን ይሻላል?

ለዘር የቀሩት ስም ይኑራቸው። የእኔዋ አንጋፋ ሴት ዳማከሴ ትባላለች። ለቀለብ የሚሄዱት ግን ስም አይወጣላቸውም፣ ልጆቻችሁም እነሱ ጡት ከጣሉ በኋላ አብረዋቸው አይጫወቱም። ይህን ከመጀመሪያው ንገሯቸው። በኋላ ከነገራችኋቸው ሌሊት ኬጁ ተከፍቶ ታገኙታላችሁ። በእኛ ቤት ሆኗል። አራቱን ከአልጋ ስር ለመያዝ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ማቆም ብፈልግስ?

ወንዱን ለዩ፣ 23 ቀን ጠብቁ፣ የመጨረሻዋ ከወለደች ልጆቹን አሳድጋችሁ ፍሪዘሩን ሙሉ። የቀሩትን ሜዳ ላይ እንዳትለቁ። ነጭ አይጥ አንገረብ ወንዝ ዳር ለጭልፊት ከሩቅ የሚታይ ምሳ ነው። አሮጊቶቹን ሴቶች እኔ አስቀምጣቸዋለሁ፤ የሚበሉት ትንሽ ነው፣ ዕድሜያቸውም ከሁለት ሦስት ዓመት አያልፍም። ዳማከሴ አሁን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆናት። ቂጣውን መቆርጠም ስላቃታት በውኃ አርሼ ነው የምሰጣት።